ሲጠየቅ የሚመልስ ኮምፒውተር

በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እጠቀማለሁ ስል ከሰው ፊት ላይ የማነበው ሁለት ነገር ነው። አንዱ አድናቆት ነው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል እያዘነበ የሰው ፓስወርድ የሚሰብር ጀግና ይታየዋል። ሌላው አዘኔታ ነው፤ «ምን ነካህ፣ ሰው ሁሉ የሚጠቀመውን አትጠቀምም?» የሚል። ሁለቱም እኔን አይመስሉም። ላፕቶፔን ከፍቼ ብራውዘር ውስጥ እገባለሁ፣ ጽሑፍ እጽፋለሁ፣ ሒሳቤን በሠንጠረዥ እሠራለሁ፣ ከኋላ ሙዚቃ ይዘፍናል። አብዛኛውን ቀን ከሥር ያለው ሲስተም ትዝም አይለኝ። እንደኔ እንደኔ ጥሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቀኑን ሙሉ ስሙ ሳይነሳ የሚውል ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው አንድ ነገር እምቢ ያለ ቀን ነው። ገንዘብ አለማስከፈሉ ደስ ይላል፣ ፍጥነቱም አይከፋም፣ ቫይረስ አይነካውም የሚሉም አሉ (ይነካዋል)። እኔን የያዘኝ ግን ሲጠየቅ መመለሱ ነው። መልሱ አንዳንዴ አንጀት ያሳርራል፣ አንዳንዴም ለመረዳት ግማሽ ሌሊት ይፈጃል፤ ቢሆንም መልሱ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለ ሊኑክስ ያለኝ ሌላ አስተያየት ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

በቅርቡ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ያስገባሁት ላፕቶፕ ከሰዓታት በኋላ ሳወጣው እጅ ያቃጥላል፤ ባትሪውም ሊያልቅ ጫፍ ላይ ደርሷል። ተኝቷል ብዬ የተውኩት ማሽን ቦርሳ ውስጥ ዓይኑን አፍጥጦ ነበር ማለት ነው። ይህ የሊኑክስ ብቻ ችግር አይደለም፤ በየትኛውም ሲስተም የሚያጋጥም ነው። የተለመደው ምክር ግን ከሦስት አይዘልም፦ ሪስታርት አድርገው፣ አፕዴት አድርገው፣ ካልሆነ ፎርማት አድርገው።

እኔ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፈትኩና «ጆርናል-ሲቲኤል» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ትእዛዝ ማሽኑ እየሠራ ሳለ በየሰከንዱ የመዘገበውን ዝርዝር ያወጣል። ክዳኑን የዘጋሁበትን ሰዓት እየፈለግኩ ወረድኩ። ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት፣ እዚያ ላይ አንድ አጭር መስመር ጥሏል፦ «ሰስፔንድ ኤንትሪ»፣ ከጎኑ በቅንፍ «ኤስ-ቱ-አይድል»። እንቅልፍ ገብቻለሁ፣ የእንቅልፌም ዓይነት ይህ ነው ማለቱ ነው። ቀጥሎ «ሲስ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገባሁ፤ «ፓወር» በሚለው ሥር «ሜም-ስሊፕ» የምትባል ትንሽ ፋይል አለች። ስትከፈት ያለችው ሁለት ቃል ናት፦ «ኤስ-ቱ-አይድል» እና «ዲፕ»። አንደኛው ቃል በማዕዘን ቅንፍ ታጥሯል፤ የታጠረው አሁን የተመረጠው ነው።

በመጀመሪያው ዓይነት እንቅልፍ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል እንጂ ኃይል አይቋረጥበትም። አንድ ነገረኛ መሣሪያ፣ የዋይፋይ ካርድም ይሁን የዩኤስቢ መሰኪያ፣ እረፍት ከነሳው ቦርሳ ውስጥ እንደሞቀ ይውላል። በሁለተኛው ግን ከራም በቀር አብዛኛው ክፍል ኃይል ይቋረጥበታል። አዳዲስ ላፕቶፖች እንደ ስልክ በቅጽበት እንዲነቁ ስለተፈለገ ወደ መጀመሪያው አድልተዋል፤ አንዳንዶቹም ሁለተኛውን ጨርሶ አስቀርተውታል። የእኔው ሁለቱም አለው። በአስተዳዳሪ መብት «ዲፕ» የሚለውን ቃል ፋይሏ ላይ ጻፍኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ መዝገቡን እንደገና አየሁ። ቅንፉ ውስጥ ያለው ቃል ተቀይሯል። ማሽኑ ሲጠፋና ሲበራ እንዳይረሳው ደግሞ «ግረብ» የሚባለው ማስነሻ ቅንብር ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። አለቀ።

እዚህ ውስጥ ምንም ምትሃት የለም። መዝገብ አነበብኩ፣ ሁለት ቃል ያላት ፋይል ከፈትኩ፣ አንድ ቃል ጻፍኩ። የሃርድዌሩ ባሕርይ ሳይቀር ተከፍቶ የሚነበብ ጽሑፍ ሆኖ መቅረቡ ነው ዋናው ነገር። የዚህ ልማድ ሥር ከሊኑክስ ራሱ ይርቃል። ሊኑክስ አርአያ ያደረገው ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ተጀመረ። ዳግ ማክልሮይ የሚባለው ተመራማሪ የአንዱ ፕሮግራም ውጤት በቀጥታ ለሌላው ግብዓት እንዲሆን ለዓመታት ሲወተውት ኖረና ባልደረባው ኬን ቶምሰን በ1973 ሐሳቡን እውን አደረገው። ያ መስመር «ፓይፕ» ይባላል። ዛሬም እኔ ተርሚናሌ ላይ ስጠቀምበት አሠራሩ ያው ነው፤ ልክ እንደ ዱላ ቅብብል። ጆርናል-ሲቲኤል መዝገቡን ያወጣዋል፣ ግሬፕ እንቅልፍን የሚመለከተውን ብቻ ያጣራል፣ ሶርት ይደረድራል፣ ዩኒክ የተደጋገመውን ይቆጥራል። አራቱም ፕሮግራሞች አንዱ ስለ ሌላው መኖር አያውቁም።

ስለ ተርሚናል ከተነሳ አይቀር፣ እንደ ወንድነት መለኪያ የሚያዩት ሰዎች ያሰለቹኛል። በማውስ የሚያልቅን ነገር በማውስ መጨረስ ምንም ነውር የለውም። የተርሚናል እውነተኛ ጥቅም የሚታየው ሌላን ሰው በሩቅ ሲረዱ ነው። በስልክ «በስተግራ ያለችውን ጥርስ የመሰለች ምልክት ተጫን፣ አይ እሷን አይደለም፣ ከሥሯ ያለችውን፣ አንተ ጋ የለችም እንዴ?» ብላችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንድ መስመር ጽሑፍ ግን ቀድቶ መላክ፣ ለጥፎ መሞከር፣ የወጣውንም ቀድቶ መመለስ ይቻላል። አደጋውም ከዚሁ ይወለዳል፦ ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን መስመር ምን እንደሚያደርግ ሳያነቡ በአስተዳዳሪ መብት መለጠፍ የማያውቁትን ሰው ቤት አስገብቶ ቁልፍ እንደማስረከብ ያህል ነው። መመሪያው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ «ማን» ብሎ የትእዛዙን ስም ማስከተል ነው። የመመሪያዎቹ አጻጻፍ ደረቅ መሆኑን አልክድም። አንዳንዱ የተጻፈው መልሱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ይመስላል።

ይህን ሁሉ የምጽፍበት የአማርኛ ኪቦርድም ከዚያው ዓለም ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። እኔ «አይባስ» በሚባለው የኪቦርድ መቀያየሪያ ላይ «ኤም-17-ኤን» የተሰኘውን የቋንቋዎች ስብስብ ጨምሬ እጽፋለሁ። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ የሚወስነው ሠንጠረዥ እንዲሁ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ለጣታችሁ ያልተመቸ ቁልፍ ካለ ፋይሉን ከፍታችሁ ታስተካክላላችሁ። ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም፤ በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል ብሎ መጠበቅም የለም። ለአንድ ቁልፍ ብቻ ብዬ እንኳ ሊኑክስን አልለቅም።

ይህ ነፃነት ከሰማይ አልወረደም። ፕሮግራመሩ ሪቻርድ ስቶልማን ኤም-አይ-ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚሠራበት ላብራቶሪ ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎች እንዲያሳውቅ ራሳቸው ያሻሻሉት ፕሪንተር ነበራቸው። አዲሱ ሌዘር ፕሪንተር ሲመጣ ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ሰው አንብቦ ሊያሻሽለው የሚችለው የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ አብሮት አልመጣም። ይህን ኮድ አግኝቷል የተባለ ሰው ዘንድ ሄዶ ሲጠይቅ ላለመስጠት ፈርሜያለሁ አለው። ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 «ግኑ» የተባለ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የመሥራት ፕሮጀክት ያወጀበትን ታሪክ ሲያወራ ደጋግሞ የሚያነሳው ይህን ነው። በነሐሴ 1991 ደግሞ የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለትርፍ ጊዜው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን፣ እንደ ግኑ ትልቅ እንደማይሆንም ጽፎ አሳወቀ። በቀጣዩ ዓመት ከርነሉን በግኑ ፈቃድ ሥር አደረገው፦ የፈለገ ይጠቀም፣ ይቀይር፣ ይሽጥ፤ ሲያሰራጭ ግን ኮዱን ለተቀባዩ አይደብቅ። የመጀመሪያው ፈቃዱ ለንግድ ማሰራጨትን ይከለክል ነበር። ያ ክልከላ ቢቆይ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ የሚኖር አይመስለኝም።

ወዳጆቼ ከዚህ በኋላ ያለውን እንደ መዝሙር ይደግሙታል፦ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ቀዳሚ የሆኑት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ በሊኑክስ ይሠራሉ፣ አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ከውስጡ የሊኑክስ ከርነል አለው፣ በ2021 ማርስ ላይ የበረረችው ትንሿ ሄሊኮፕተር ኢንጀኒዩቲም ሊኑክስ ነበረች። ሁሉም እውነት ነው። ፕሪንተሩ እምቢ ላለው ሰው ግን ማርስ ምን ይፈይድለታል? በዚህ ክርክር ሰው ሲሸነፍ እንጂ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም።

ሌላው የኛ ሠፈር በሽታ ከዲስትሮ ወደ ዲስትሮ መዝለል ነው፤ ዲስትሮ ማለት ሊኑክስ ከነፕሮግራሞቹ ተጠቅልሎ የሚቀርብበት ዓይነት ነው። በየሳምንቱ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን የሚጭን፣ ጭኖም ሳይጨርስ የሚቀጥለውን የሚያወርድ ሰው ሞልቷል። ዴስክቶፑን ፎቶ አንስቶ ያሳያል፤ ሲሠራበት ግን አይታይም። እኔ የምላችሁ፣ ዲስትሮን ከዲስትሮ የሚለየው ቁም ነገር ሁለት ነው፦ ሶፍትዌር የሚጭንበትና የሚያድስበት መንገድ፣ እንዲሁም አዲስ ነገር ወደ ተጠቃሚው የሚደርስበት ፍጥነት። የቀረው ግድግዳ ቀለም ነው። ዴቢያን፣ በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረው፣ በግምት በየሁለት ዓመቱ አንድ የተረጋጋ እትም ያወጣና ከዚያ በኋላ የደኅንነት ማስተካከያ እንጂ አዲስ ጌጥ አይጨምርም። አርች ደግሞ ዛሬ የወጣውን ዛሬ ማታ ያደርሳል። እኔ ዴቢያን ላይ ነኝ። ሥራዬ ሲስተሙን መጠገን ስላልሆነ ትናንት የሠራው ዛሬም እንዲሠራ እፈልጋለሁ። አርች የሚጠቀሙትን አልነቅፍም፤ ዲስትሯቸውን በየወሬው መሀል ባያስገቡት ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ቪም እና ኢማክስ በሚባሉት የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራሞች ደጋፊዎች መካከል ያለው ጠብ እንኳ ጨዋታ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት የለም። እኔ ቪም ነኝ። ብራም ሞሌናር በ1991 ያወጣውና በ2023 እስኪሞት ድረስ የተንከባከበው ይህ ፕሮግራም ያለ ፋይል ሲከፈት መሀሉ ላይ በዩጋንዳ ያሉ ድሃ ልጆችን እርዱ የሚል መልእክት ያሳያል። ለፕሮግራሙ መክፈል የሚፈልግ ለልጆቹ ይስጥ ብሎ ነበር። ማስታወቂያ ከሚያሳዩኝ ፕሮግራሞች ሁሉ አላስከፋኝም ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

የሲስተም-ዲ ጠብ ግን መርዝ ነበረው። ሌናርት ፖተሪንግ በ2010 ይፋ ካደረገው በኋላ ማሽን ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስጀምረውን ሥራ ቀስ በቀስ ከአሮጌዎቹ ስክሪፕቶች ወሰደ፤ የመዝገብ ሥራም፣ የተጠቃሚ መግቢያም፣ ሌላም ሌላም ጨመረ። ዴቢያን ውስጥ ሲስተም-ዲን ለመቀበል በ2014 የቴክኒክ ኮሚቴው ድምፅ እኩል ተከፍሎ በሰብሳቢው ድምፅ ተወሰነ፤ የተቃወሙት ወጥተው ዴቭዋን የሚባል የራሳቸውን ዲስትሮ መሠረቱ። ሰዎች በኮድ ምክንያት ተሰዳድበዋል፣ ዛቻም ደርሶባቸዋል። እኔ ቂም የለኝም። ላፕቶፔ ለምን እንደሞቀ የነገረኝ ጆርናል-ሲቲኤል ራሱ የሲስተም-ዲ ልጅ ነው። የተቃዋሚዎቹ አንድ ነጥብ ግን እውነት አለው፦ የድሮው መዝገብ በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም የሚከፈት ነበር፣ የአሁኑ በራሱ መሣሪያ ብቻ የሚነበብ ሆኗል። ማሽኑ የማይነሳበት ቀን፣ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ቦታ ለሚያነብ ሰው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚያስመርረኝም አለ። የጣት አሻራ ማንበቢያ ያለውን ላፕቶፕ በሊኑክስ ተማምኖ መግዛት ዕጣ መቁረጥ ነው። የፎቶና የቪዲዮ ባለሙያዎች የሚተዳደሩባቸው የአዶቢ ፕሮግራሞች ለሊኑክስ አይወጡም፤ ነፃው የፎቶ ማስተካከያ ጂምፕ ይበቃል የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ በፎቶ እንጀራ የማይበላ ነው። ጨዋታ በ2018 ቫልቭ የተባለው ኩባንያ የዊንዶውስ ጨዋታዎችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደውን «ፕሮቶን»ን ካወጣ ወዲህ ሰው በማያምነው መጠን ተሻሽሏል፤ ከርነል ድረስ ዘልቆ አጭበርባሪ የሚያሳድድ ጥበቃ ያላቸው የውድድር ጨዋታዎች ግን በራቸውን እንደዘጉ ናቸው። ከሊኑክስ ጋር አልተባበር ብሎ የኖረውን የግራፊክስ ካርድ ሠሪ ኤንቪዲያን በተመለከተ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ መድረክ ላይ ሆኖ የመሃል ጣቱን ለካሜራ ቀስሯል። ኩባንያው በ2022 የከርነል ሞጁሎቹን ኮድ መክፈት ጀመረ። መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው አዲሱ ሥርዓት ዌይላንድም እንዲሁ፣ ከ2008 ጀምሮ እየተሠራ፣ «ሊደርስ ነው» እየተባለ፣ አሁን በእርግጥ ደርሷል፤ ስክሪን ለሰው ማጋራት ላይ ግን አልፎ አልፎ ያሳፍራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ሲጠየቅ የሚመልስ ሲስተም የሚጠቅመው ጠያቂ ሲኖረው ነው፤ ለዚህ ከ2024ቱ የ«ኤክስ-ዜድ» ጉዳይ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ኤክስ-ዜድ ፋይል የሚያመቅ መሣሪያ ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ሊኑክስ ካለው እሱም አለው። ለዓመታት አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ፣ ሲጠብቀው ኖሯል። ከ2021 ጀምሮ ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ አካል ማስተካከያ መላክ ጀመረ። ሥራው ንጹሕ ነበር፣ ትሑትም ነበር። በጎን ደግሞ ማንነታቸው የማይታወቅ ሌሎች ስሞች ባለቤቱን ይነዘንዙ ጀመር፦ ዘገየህ፣ ለሌላ ሰው ልቀቀው። ባለቤቱም ይህ ያለ ክፍያ የምሠራው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው ብሎ መልሶላቸዋል። ቀስ በቀስ ጂያ ታን ቁልፍ ተሰጠው።

ከዚያ በ2024 መጀመሪያ 5.6.0 እና 5.6.1 የሚባሉት እትሞች ወጡ። መርዙ የተቀበረው ለሙከራ የሚያገለግሉ የተበላሹ ፋይሎች በሚመስሉ ውስጥ ነበር፤ የሚቀሰቅሰው መስመር ደግሞ ሰው በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ ሳይሆን ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ተጨመረ። ግቡ ወደ ሰርቨሮች በሩቅ የምንገባበት ኤስ-ኤስ-ኤች የተባለው በር ነበር። ኤስ-ኤስ-ኤች ራሱ ኤክስ-ዜድን አይጠቀምም፤ አንዳንድ ዲስትሮዎች ግን ከሲስተም-ዲ ጋር እንዲነጋገር አንድ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚዋሱት ኮድ) ጨምረውለት ነበር፣ ያ ላይብረሪም ኤክስ-ዜድን ይጎትታል። መርዙ ያለፈው በዚህች ቀዳዳ ነው። (የሲስተም-ዲ ተቃዋሚዎች በዚያ ሰሞን ምን ያህል እንደፎከሩ አልነግራችሁም።)

ይህን ያወቀ የደኅንነት ኩባንያ አልነበረም። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል፣ ማይክሮሶፍት ውስጥ ተቀጥሮ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ ሰው፣ «ሲድ» የሚባለውን የዴቢያን ገና ያልተረጋጋ እትም እየተጠቀመ ስለ ሌላ ነገር ፍጥነት ይለካ ነበር። የኤስ-ኤስ-ኤች መግቢያ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት አየ፤ ፕሮሰሰሩም ያለ ምክንያት ይለፋል። ሌላ ሰው ቢሆን ኔትወርኩ ነው ብሎ ያልፈዋል። እሱ አላለፈም። ከፕሮግራሙ ወደ ላይብረሪው፣ ከላይብረሪው ወደ ጥቅሉ፣ ከጥቅሉ ወደ ተደበቀው መስመር እየወረደ መጋቢት 29 ቀን 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር ያገኘውን ሁሉ ለዓለም ጻፈ። የተመረዙት እትሞች ገና በሙከራ፣ በቅድመ ዕትምና አዲስ ነገር ቶሎ በሚያደርሱ ዲስትሮዎች ላይ ነበሩ፤ የዓለም ሰርቨሮች የሚሠሩባቸው የተረጋጉት ዲስትሮዎች ላይ አልደረሱም።

ከዚህ ታሪክ ሰዎች ሁለት ተቃራኒ ድምዳሜ ያወጣሉ። አንዱ፣ «ያው፣ ክፍት ስለሆነ ተያዘ» ይላል። ሌላው፣ «ክፍት ስለሆነ ገባ» ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል ባይ ነኝ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ለሳምንታት ማንም አላነበበውም፤ ክፍት መሆን በራሱ ዘብ አይቆምም። ግን ያ ሰው ግማሽ ሰከንዱን ተከትሎ እስከ መጨረሻው መውረድ የቻለው በየደረጃው በሩ ስላልተዘጋበት ነው። በሩ በተዘጋ ሲስተም ላይ ቢሆን በእጁ የሚቀረው «አንድ ነገር ትንሽ ዘገየ» የሚል ቅሬታ ብቻ ነበር።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን ሌላው ነው። በቢሊዮን የሚነግዱ ኩባንያዎች የቆሙበት ምሰሶ አንድ የደከመ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። በ2014 የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚያመሰጥረው ኦፕን-ኤስ-ኤስ-ኤል ውስጥ ሃርትብሊድ የሚባለው ቀዳዳ ሲገኝም ይህንኑ አይተን፣ ደንግጠን፣ ትንሽ ገንዘብ አዋጥተን ረስተን ነበር። ኩባንያዎቹ ይክፈሉ የሚለው አቋሜ ነው፤ መክፈል ይችላሉ፣ ይጠቀማሉም። እስኪከፍሉ ድረስ ተራው ተጠቃሚ ቢያንስ ነዝናዛ አይሁን። ያ ባለቤት ላይ የዘነበው «ዘገየህ» የጠላት ስልት ሳይሆን እንዳልቀረ በኋላ ተጠረጠረ እንጂ፣ ያን ቀን ያነበበው ሰው ከእኛ ከተለመደው ንግግር ለይቶ ሊያየው አይችልም ነበር። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ችግር ሪፖርት ሳደርግ የእትሙን ቁጥር፣ ያደረግኩትን በተራ፣ የጠበቅኩትንና የሆነውን እጽፋለሁ፤ «ይሄ ነገር አይሠራም፣ መቼ ነው የምታስተካክሉት» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ከእኔ አይወጣም።

ሰሞኑን ስልኬ የሚጮኸው በዊንዶውስ 10 ምክንያት ነው። ጥቅምት 14 ቀን 2025 በፈረንጆች ድጋፉ አበቃ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ «ቲ-ፒ-ኤም 2.0» የሚባለውን የደኅንነት ቺፕና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ ምንም ያልጎደለው ላፕቶፕ በወረቀት ላይ ሞቷል ተብሎ ቁጭ ብሏል። የሚደውሉልኝ ሰዎች «እሺ፣ ያንተን ነገር ጫንልኝ» ይላሉ። ድሮ ቢሆን በደስታ እዘል ነበር። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው በየቀኑ የምትከፍቱት ፕሮግራም የትኛው ነው ብዬ ነው። መልሱ ብራውዘርና ደብዳቤ ከሆነ ከአንድ ቀን በኋላ ልዩነቱን አይሰሙትም፤ ሚንት የተባለውን ዲስትሮ ወይም ዴቢያን እጭንላቸዋለሁ። ሥራቸው በአዶቢ ወይም ለዊንዶውስ ብቻ በተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ከተንጠለጠለ ግን ተዉት እላለሁ። እንዲህ ስል ከሃይማኖቴ የወጣሁ የሚመስላቸው ወዳጆች አሉኝ።

ለመጫን የወሰነ ሰው አስቀድሞ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ ይሞክር፤ ዲስኩ ሳይነካ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ዋይፋዩ ይያያዝ፣ ድምፁ ይሰማ፣ ካሜራው ይብራ፣ ፕሪንተሩ አንድ ገጽ ያውጣ። ከእነዚህ አንዱ እምቢ ካለ ከመጫኑ በፊት መፍትሔው ይፈለግ፣ በኋላ አይደለም። ከዚያ የሚመጣው ዲስክ የሚከፋፈልበት ገጽ ነው። እዚያ ላይ የተሳሳተ ዲስክ ከተመረጠ የልጅ ፎቶም የቢሮ ሰነድም አብሮ ይጠረጋል፤ ስለዚህ ፋይሎቹ ሌላ ዲስክ ላይ መገልበጣቸውን፣ ገልብጦም ከዚያ ላይ ከፍቶ ማየቱን በዓይኔ ካላረጋገጥኩ በቀር የሰው ላፕቶፕ ላይ ፍላሽ አልሰካም።